ዶሮዋና ችካሉ

ተረት ላወራ ነው፤ የሚሰማ ይቅረብ፣ የሚያንቀላፋ ደጅ ይውጣልኝ።

አንዲት ዶሮ ከገበያ ተገዝታ መጣች። ቤቱን እስክትለምድ ተብሎ እግሯ በገመድ ከችካል ጋር ታሰረ፤ ያሰረቻት ባለቤቷም መፍታቱን በዚያው ረሳችው። ዶሮዋ ገመዱ የሚያደርሳትን መሬት ሁሉ ጭራ ጭራ ትል እንኳ አጣች። ይባስ ብላም «እስከ በዓሉ እንቁላል ካልጣለች ወጥ ትሆናለች» ብላለች። በባዶ ሆድ ማን ይጥላል?

ማዶ አውድማው ላይ እህል ፈሷል።

«እዚያ ልሂድ» አለች ዶሮዋ።

ችካሉ ሳቀባት። «እኔን የሚነቅል ገና አልተወለደም። ደግሞስ ማዶ ሽለምጥማጥ አለልሽ!»

«ሽለምጥማጡ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል፤ ለድስቱ ግን ቀን ተቆርጦለታል» አለችና ተወረወረች። ገመዱ ይዟት በደረቷ ተደፋች። ተነሥታ ደግማ ሮጠች። ለካ ስትጭር የከረመችው የችካሉንም ሥር ኖሯል! ተነቅሎ ከኋላዋ ይንከባለል ጀመር።

«ኧረ ወዴት ነው የምትጎትቺኝ?»

«አንተም ትንሽ አገር እይ!»

የበዓሉ ዋዜማ ባለቤቲቱ ስትፈልጋት፣ አውድማው ዳር ጭድ ውስጥ አምስት እንቁላል ታቅፋ አገኘቻት፤ ችካሉም አጠገቧ ተጋድሟል። የዚያን ዓመት በዓል በምስር ወጥ ተበላ።

እኔ ጨርሻለሁ፤ ዳቦዬን አምጡ፣ የደረቀ ግን አልቀበልም።