በክብር የታመመው ጡረተኛ

ሰውየውን ያሳመመው ክብር ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንዲት ከተማ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከምንጩ እስከ ማጠራቀሚያው በየቀኑ በእግሩ ይሄዳል። የብረት ዘንግ መሬት ላይ ተክሎ ጫፉን ጆሮው ላይ ይለጥፍና ውሃው ከመሬት በታች የት እንደሚባክን ይለያል። ስድሳ ሲሞላው ባልደረቦቹ ጋቢ አለበሱት፤ ልጆቹ ትልቅ ሶፋ ገዙለት። አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ ማን ያስነሣው?

ባልዲ ሲያነሣ ልጁ ውብርስት ትቀማዋለች፦ «አባዬ፣ ሰው ምን ይለናል?» መፍቻ ሲይዝ ጎረቤት ይጮኻል፦ «ኧረ ጋሼ! እኛ እያለን?» ገበያ ልውጣ ሲል ባለቤቱ ትቆጣለች፦ «ልጅ እንዳልወለደ ሰው!»

እናንተስ እንዲህ አላላችሁም?

በዓመቱ ደም ግፊቱ ወጣ፣ ስኳር ተጨመረ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። ሐኪሟ ጠየቀችው፦

«አባባ፣ ቀን ቀን ምን ይሠራሉ?»

«እከበራለሁ» አላት።

ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«መድኃኒት አዝልዎታለሁ» አለችው። «ሶፋውን የሚያሸንፍ ኪኒን ግን የለኝም። ይነሡ፣ ይራመዱ።»

ቤተሰቡ ሰማ፤ ሰምቶም ሌላ ትራስ ጨመረለት!

በዚያው ሳምንት ዋናው ቧንቧ ፈነዳ። ውሃውን የሚዘጋው ቫልቭ አዲስ በተነጠፈው ድንጋይ ሥር ተቀብሯል፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ሁለት ሠራተኞች ቤቱ ድረስ መጡ።

«ታሟል» አለች ውብርስት። «ተቀምጦ ይንገራችሁ።»

«ተቀምጬ ቧንቧ አይሰማኝም» አለና ጋቢውን ጥሎ ተነሣ። ጫማውን አጠለቀ።

ልጁ በሩ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ ብትወድቅስ?»

«ብወድቅ፣ ቆሜ ነበር ማለት ነው!»

ወገኖቼ፣ የጡረተኞቻችን ስም ከደመወዝ መዝገብ ተሰረዘ እንጂ አምላክ ሙያቸውን ከእጃቸው መቼ ወሰደ? ጉልበታቸውን የሚበላውን ነገር ፍቅር አትበሉት። ባልዲውን መልሱላቸው። ጠይቋቸው። ያልባቸው። እናንተ ጡረተኞችም፣ እስኪፈቀድላችሁ ምን ያስጠብቃችኋል?

ይህ ሰው አልጠበቀም። ልጁን በቀስታ ገለል አደረጋት፣ ቀና ብሎ ወጣ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋው።