ጎ ካባውን ያወለቀበት በር

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

«ጆሮ ያለው ይቅረብ!»

«ቀርበናል!»

በድሮ ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ፣ የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ ሰው የሚኖሩበት አገር ነበር። ቃላቱ ቤት ነበራቸው። ያርሱ ነበር፤ ይነግዱ ነበር፤ ይጣሉና ይታረቁም ነበር።

በዚያ አገር ጎ የሚባል መልእክተኛ ይኖር ነበር። ጎ በእኛ ቋንቋ «መሄድ» ማለት ነው። ሥራውም መሄድ ነበር። ካም የምትባል እህት ነበረችው። ካም ደግሞ «መምጣት» ማለት ነው። እሱ መንገደኛውን ይሸኛል፤ እሷ መንገደኛውን ወደ ቤቱ ትመልሳለች።

ጎ ሦስት ካባ ነበረው። አንዱ ጎዝ ይባላል። ይህን የሚለብሰው ለ«እሱ» ወይም ለ«እሷ» ሲላላክ ነው። ጠርዙ ላይ ትንንሽ ቃጭሎች ተሰፍተውበታል፤ ሲራመድ «ዝዝዝ» ይላሉ። ሁለተኛው ዌንት ይባላል። የትናንትን ጉዞ ሲያወራ የሚለብሰው ነው። ጥቁር ነው፤ ቆቡ ፊቱን ስለሚሸፍን ጎ ፈጽሞ ሌላ ሰው ይመስላል። ሦስተኛው ጎዊንግ ነው። መንገድ ላይ ሳለ ይለብሰዋል። መሬት ለመሬት የሚጎተት ረጅም ጅራት አለው።

ጎ በካባዎቹ ይኮራ ነበር። «አማረብኝ?» ሳይል ከቤት አይወጣም።

አንድ ቀን ጭራቅ መጣና ካምን ወሰዳት። ገደል አፋፍ ላይ ባለ ግንብ ውስጥ በሰንሰለት ቆለፋት። ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገሩ የሚመጣ ነገር ጠፋ። ገበያ የወጣ ሰው አልተመለሰም። ለግጦሽ የወጡ ከብቶች አልገቡም። ዝናቡም ቀረ። እናቶች በር በሩን እያዩ ዋሉ።

«እህቴን አስፈታለሁ» አለ ጎ፤ ሦስቱንም ካባ ይዞ ተነሳ።

የግንቡ በር ግን ከጭራቁ በቀር ለማንም አይከፈትም ነበር። ለሌላ ሰው የሚከፈተው ከሦስት ጌቶች በአንዱ በትር ብቻ ነው። ጌታ ካን «ትችላለህ» ብለው ኃይል የሚሰጡ ናቸው። ጌታ ማስት «ግድ ነው» ብለው የሚያዝዙ ናቸው። ጌታ ዊል ደግሞ ነገ የሚሆነውን የሚናገሩ ናቸው። በትራቸው በር ይከፍታል እንጂ ጌቶቹ ራሳቸው ሥራ አይሠሩም። ከኋላቸው ሆኖ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ።

ወጉ የታወቀ ነበር። ከጌታ ኋላ የሚሄድ ሰው ካባውን ያወልቃል። በእጀ ጠባቡ ብቻ ሆኖ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ አደግድጎ ይከተላል። ጎም ይህን ያውቃል። ግን አልወደደውም።

መጀመሪያ ጌታ ካን ዘንድ ሄደ።

«ጌታዬ፣ እህቴን ላስፈታ ነው። በሩን ይክፈቱልኝ።»

«ይቻላል» አሉ ጌታ ካን። «ካባህን አውልቅና ተከተለኝ።»

«ጭራቅ ፊት በእጀ ጠባብ? ይስቅብኛል እኮ!»

«እንግዲህ ነግሬሃለሁ።»

ጎ ጎዝን ደርቦ ተከተላቸው። ጌታ ካን በሩን በበትራቸው ነኩት። በሩ ተከፈተ። ጎ አንድ እግሩን አስገባ። ቃጭሎቹ «ዝዝዝ» አሉ። ጭራቁ ከእንቅልፉ ነቃ።

«የምን ዝንብ ነው?» ብሎ በሩን ጠረቀመው። ጎ እግሩን ለጥቂት አወጣ።

ከግንቡ ውስጥ ካም ጮኸች። «ወንድምዓለም! ቃጭልህን ሰማሁት! ምን ያደርጋል፣ እሱም ሰማው!»

በማግስቱ «ዛሬስ ድምፅ የሌለውን እለብሳለሁ» አለ ጎ። ዌንትን ደረበና ጌታ ማስትን ተከትሎ ሄደ። ጌታ ማስት በሩን ነኩት። በሩ ተከፈተ። «ጎ፣ ግባ!» ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። ጥቁር ቆብ ያጠለቀ ሰው አዩ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ጎ ነኝ፣ ጌታዬ!»

«ጎ የሚባለውንማ አውቀዋለሁ። አንተ የትናንት ሰው ነህ። ትናንት የሄደን ሰው ዛሬ ሂድ ብዬ አላዝዝም።»

በትራቸውን አነሱ። በሩ ተዘጋ።

የካም ድምፅ አሁን ደክሟል። «ጎ፣ ጭራቁ ድስቱን አጥቧል። ነገ ሊበላኝ ነው።»

ጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከድንጋዩ ሥር እንሽላሊት ብቅ አለች። ጅራት የላትም።

«ጅራትሽ የት ሄደ?» አላት።

«ድመት ይዛዋለች።»

«አያሳዝንሽም?»

«ምን ያሳዝነኛል! ድመቷ ጅራቴን ይዛ ቀረች፤ እኔ ይኸው ካንተ ጋር አወራለሁ። ደግሞ መልሶ ይበቅላል። አንተ ግን ምን ሆነሃል? ካባው ያንተ ነው ወይስ አንተ የካባው ነህ?»

ጎ እንባውን ጠርጎ ተነሳ። ከበሩ ፊት ለፊት የደረቀ ጉቶ ነበር። ሦስቱንም ካባ ጉቶው ላይ ሰቀላቸው። ነጠላውን ወገቡ ላይ አደገደገ። ከዚያ ጌታ ዊልን ይዞ መጣ።

«ዛሬ አማረብኝ አላልክም?» አሉ ጌታ ዊል።

«ዛሬ ጊዜ የለኝም፣ ጌታዬ።»

ጌታ ዊል ፈገግ ብለው በሩን ነኩት። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ጭራቁ ድስቱን ታቅፎ ወጣ። ጌታውን ማየት አልቻለም፤ ጌቶቹ ለጭራቅ ዓይን አይታዩም። ከኋላቸው የቆመውንም ሰው አላየውም። የሚያብለጨልጭ፣ የሚጮህ፣ የሚጎተት ነገር አልነበረበትምና። ጭራቁ ያየው ካባዎቹን ብቻ ነው።

«ሦስት ካባ! ሁሉም የኔ!»

ድስቱን ጥሎ ሦስቱንም ደራረበ። ቃጭሎቹ ጆሮውን አደነቆሩት። ቆቡ ዓይኑን ሸፈነው። ረጅሙን ጅራት ረገጠና ወደ ገደሉ ወደቀ። ጅራቱ ጉቶው ላይ ተጠምጥሞ አየር ላይ አንጠለጠለው።

«ማን አለ? አውጡኝ!»

«መጀመሪያ ቁልፉን» አለ ጎ።

«አንተ ነህ? ቃጭልህ የታለ?»

«አንተ ላይ ነው።»

ጭራቁ ቁልፉን ወደ ላይ ወረወረ። ጎ ሮጦ ካምን ፈታት። ተቃቀፉ። ከዚያ ጎ ቃሉን ጠብቆ ጅራቱን ስቦ ጭራቁን አወጣው። ጭራቁ ካባዎቹን ከላዩ ላይ አሽቀንጥሮ ጣለ።

ጎ ፊቱ ቆሞ «ሂድ!» አለው።

የጎ ቃል ይሸኛል ብያችሁ የለ? የጭራቁ እግር ሳይወድ በግዱ መራመድ ጀመረ። እየሄደ ዞር አለና «እመለሳለሁ!» ብሎ ፎከረ።

«ማን ይመልስሃል?» አለች ካም። «የምመልሰው እኔ ነኝ። አንተን ግን አልመልስም።»

ጭራቁ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ካምም ጠርዙ ላይ ቃጭል ያለው ካባ ነበራት፤ ስሙ ካምዝ ይባላል። ልትለብሰው ስታነሳ ጎ ያዛት።

«ጌታ ዊል ከፊታችን አሉ። አውልቀሽ ያዢው።»

«ይህን የሚለው ወንድሜ ነው ወይስ ሌላ ሰው?» ብላ ሳቀች። ግን አደገደገች።

ጌታ ዊልን ተከትላ ከበሩ ስትወጣ ደመና መጣ። ዝናቡ መጣ። ከብቶቹ መጡ። ገበያ የወጡትም፣ ዕቃቸው በእጃቸው እንዳለ፣ እየሮጡ መጡ። እናቶች እልል አሉ።

እቤት ሲደርሱ ጌታ ዊል ተሰናበቱ። ከፊት የሚሄድ ጌታ አልነበረም። ጎ አቧራውን አራግፎ ጎዝን ደረበ። ቃጭሎቹ «ዝዝዝ» አሉ።

«አማረብኝ?»

«አማረብህ» አለች ካም። «ጌታ እስኪመጣ ድረስ።»

ስለዚህ፣ ልጆች፣ እንግሊዝኛ ስትናገሩ ይህን ያዙ። ስለ «እሱ» ወይም ስለ «እሷ» ስታወሩ፣ ጎ ብቻውን ሲሆን ካባውን ይልበስ፤ «ሺ ጎዝ»፣ ማለትም «እሷ ትሄዳለች»፣ በሉ። ካን፣ ማስት ወይም ዊል ከፊቱ ካሉ ግን ካባውን አውልቁለት፤ «ሺ ካን ጎ»፣ ማለትም «እሷ መሄድ ትችላለች»፣ በሉ። ወንድሞቹና እህቶቹ፣ ሌሎቹም የሥራ ቃላት፣ እንዲሁ ናቸው። ከተረቱ የምንማረው ደግሞ ይህ ነው፦ ለቁም ነገር የተነሳ ሰው፣ ለመታየት የለበሰውን ከበሩ ውጭ ይተዋል።

ተረቴን ጨረስኩ፣ ካባዬን ለበስኩ።