ምንጣፍ ላይ የተጋደመው ከሳሽ

አንድ ሰው ነበረ። ልጄ፣ ወንድምህን በገመድ ስለማሰርህ ከመናገሬ በፊት የእሱን ነገር ስማ።

ሰውየው ገበሬ ነው፤ ሚስት ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ሚስቱ በተኛችበት ድንገት ትጮሃለች፣ ትራገጣለች፣ ጥቂት ቆይታም ዝም ትላለች። ስትጠየቅ «ምንም አላውቅም» ነው መልሷ። እሱ ግን «ጠልታኛለች፤ በእንቅልፍ እያመካኘች ትመታኛለች» ብሎ ሊፈታት ቆረጠ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እናት አባቷ ሞተዋልና የምትመለስበት ቤት አልነበራትም። ጥግ ይዛ አቀርቅራ ተቀመጠች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ችኩል ያልሆኑት፣ «እንዴት አድርጋ ነው የምትመታህ? እስቲ አሳየን» አሉት። ከሳሽ ነውና አላፈረም፤ ምንጣፉ ላይ ተጋደመ። ግራ እጁን ሽቅብ ዘረጋ፣ ፊቱን ወደዚያው አዞረ፣ ጮኸ፤ ከዚያ ጭቃ እንደሚያቦካ ሰው እግሮቹን አፈራረቀ።

«በሌላ ቀንስ?»

ያንኑ ደገመው። «ሁልጊዜ እንዲህ ናት! አንድም ቀን አዛንፋ አታውቅም» አለ።

«መልካም። አሁን ደግሞ አንተ ከጎረቤትህ ጋር በድንበር ስትጣላ ያደረግኸውን አሳየን።»

ተነሥቶ ዱላ እንደያዘ ሰው ተወዛወዘ፣ ተሳደበም። «ድገመው» ሲሉት ሌላ ሆነ፤ እንደገና ሲሞክርም ሌላ። ራሱም ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀረ።

«የተናደደ ሰው እንደ ሁኔታው ይለዋውጣል» አሉት ሽማግሌው። «ይህች ልጅ ግን ሁልጊዜ ያንኑ ነው የምትደግመው፤ መርጣ የምታደርገው አይደለም። ታምማለች እንጂ አልጠላችህም። ሐኪም ቤት ውሰዳት።»

ሰውየው ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ወሰዳት፤ ሐኪሙም መርምሮ የሚጥል በሽታ መሆኑን ነገራቸው፣ መድኃኒትም ሰጣት።

እንግዲህ ልጄ፣ «ወንድሜ ሲተኛ የሚራገጠው ተንኮል ነው ወይስ ሕመም?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ባለፈው ስትነግረኝ ከቀኝ እጁ ጀምረህ በእግሩ ጨረስህ። ዛሬም ያንኑ በዚያው ተራ ነገርኸኝ። አንተም እንደዚያ ሰው ልትከስ መጥተህ መሰከርህለት። ሐኪም ቤት ውሰደውና ለሐኪሙም እንዲሁ አድርገህ ንገረው። ገመዱን ግን አንተው ራስህ ፍታ፤ ሌላ ሰው አትላክ።