የግራዝማች ሸዋንግዛው ዛፎች

አንድ ቀን ግራዝማች ሸዋንግዛው ለአንድ ትልቅ እንግዳ የከተማውን ዛፎች ሊያስጎበኙ ቀጠሮ ያዙ። ቀጠሮው መልካም ነበር፤ እንግዳውም መልካም ሰው ነበሩ። የጎደለው ዛፉ ብቻ ነው።

ከተማይቱ በቀይ ባሕር ዳርቻ የተቀመጠች ትንሽ ወደብ ናት። ስሟን ተዉት፤ የግራዝማች ዘመዶች ዛሬም ብዙ ናቸው። ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። እዚያ አገር ፀሐይ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ትጀምርና ሰውን እንደ ቋንጣ ስታደርቀው ትውላለች። ስለዚህ ለወደቡ ሰው ዛፍ ጌጥ አይደለም። ጆንያ ሲሸከም ያረፈደ ወዛደር ጀርባውን የሚያሳርፍበት፣ ከገበያ የምትመለስ ነፍሰ ጡር ቆም ብላ የምትተነፍስበት ነው።

ግራዝማች የከተማ ማስዋቢያ ሹም ናቸው። መናፈሻው፣ የመንገድ ዛፉና የባሕሩ ዳርቻ ለሳቸው ተሰጥቷል። እንዴት እንደያዙት ደግሞ አገር ያውቃል። መናፈሻውን በብረት አጥር አሳጥረው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። በሩ ላይ «ሣር መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። እውነትም ሣሩን ማንም ረግጦት አያውቅም። አልበቀለማ! ማንበብ የማይችሉ ፍየሎች ብቻ በአጥሩ ቀዳዳ እየገቡ የሰሌዳውን እንጨት ያኝካሉ።

የባሕሩ ዳርቻ ከዚያ የባሰ ነው። የዓሣ አንጀት፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የተበጣጠሰ መረብ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ግራዝማች «አጽዱ!» ሲሉ ሠራተኛው አሸዋ ይቆፍርና ይቀብረዋል። በማግሥቱ ማዕበሉ ቆፍሮ ያወጣዋል። በመጨረሻ ለበላይ መሥሪያ ቤት «ከተማውን የሚያቆሽሸው ባሕሩ ስለሆነ አስፈላጊው ማስጠንቀቂያ ይሰጠው» ብለው ደብዳቤ ጻፉ ይባላል። ይህን የጻፈላቸው ጸሐፊ ራሱ ነው ያወራው።

ወደ ዛፎቹ እንምጣ። በባሕር ዳሩ መንገድ ላይ፣ ከወደቡ በር እስከ መናፈሻው፣ ዐሥራ ሁለት የኒም ዛፎች ነበሩ። ኒም ሙቀት የማይፈራ ዛፍ ነው፤ ውኃ ግን ይፈልጋል። ለዛፎቹ ተብሎ በየቀኑ አንድ ቦቴ ውኃ ከከተማ ውጭ ካለው ጉድጓድ ይመጣል። ቦቴው ግን መጀመሪያ ግራዝማች ግቢ ጎራ ይላል። ሲገባ እየከበደው እያቃሰተ፣ ሲወጣ እንደ ጥጃ እየዘለለ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ፓፓያው፣ ሎሚው፣ ወይኑ ይንዠረገጋል፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። የመንገዱ ዛፎች አንድ በአንድ ደረቁ።

ዛፎቹን እንዲያጠጣ የተቀጠረው ሰው አሊጋዝ ይማም ይባላል። የወሎ ሰው ነው፤ ከወረ ኢሉ ወርዶ ወደቡ ላይ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ፣ ወገቡን ሲያመው ጊዜ ባልዲ አስይዘው የዛፍ ውኃ አጠጪ አደረጉት። ባልዲ ተሰጠው፤ ውኃ አልተሰጠውም። አንድ ቀን ቸግሮት ግራዝማች ዘንድ ቀርቦ፣

«ጌታዬ፣ ዛፎቹ አለቁ። እባክዎ ከቦቴው ትንሽ ይድረሳቸው» አላቸው።

ግራዝማች ዛፍም፣ ባሕርም፣ ሰማይም የሚያውቁ ሰው ናቸው። «አንተ ምን ታውቃለህ?» አሉት። «ዛፍ ውኃ ካበዛህለት ይሰንፋል። ቆርጦ ይነሣና ራሱ ይፈልግ! እኔ ራሴ እዚህ የደረስሁት ስንት መከራ አይቼ ነው።»

አሊጋዝ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልለመናቸውም። ሻይ ቤት ለሻይ ቤት እየዞረ የብርጭቆ እጣቢ፣ ከመስጊዱ ደጅ ሰጋጆች የታጠቡበትን የዉዱእ ውኃ እያጠራቀመ፣ ቢያንስ አንዱን ዛፍ ላድን ብሎ ተነሣ። የወደቡ በር አጠገብ ያለውን ኒም መረጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በሚያመው ወገቡ ባልዲ አመላለሰ። ዐሥራ አንዱ ሲደርቁ ያ አንዱ ዳነ፤ ሰፋ፤ ሃያ ወዛደር የሚያስተኛ ጥላ ጣለ። ሰዉ «ያሊጋዝ ኒም» አለው።

ታዲያ ከአዲስ አበባ ቴሌግራም መጣ። ፊታውራሪ ወልደሰማዕት የሚባሉ የበላይ ተቆጣጣሪ የከተማውን ጽዳትና አትክልት ሊመረምሩ ሐሙስ ጧት በሁለት ሰዓት ይደርሳሉ ይላል። ግራዝማች ቴሌግራሙን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ በመስኮት የደረቀውን መንገድ አዩት፤ አሊጋዝን አስጠሩት።

«ያ የወደቡ በር ዛፍ ስንት ቅርንጫፍ አለው?»

«እንጃ ጌታዬ፣ ብዙ ነው። ምነው?»

«ዐሥራ አንድ ቅርንጫፍ ትቆርጣለህ። ረጃጅሙን፣ ቅጠል የበዛበትን። የደረቁትን ግንዶች ትነቅልና በየጉድጓዱ አንዳንድ ትተክላለህ። እስከ ወገቡ ኖራ ትቀባዋለህ። አለቀ!»

አሊጋዝ የሰማውን ማመን አቃተው። «ጌታዬ፣ በአላህ፣ ያለን አንድ ዛፍ እኮ እሱ ነው!»

«እኔስ ምን አልሁ? አንዱን ዐሥራ ሁለት አድርገው ነው የምልህ። እንዲህ ያለ በረከት አይተህ ታውቃለህ?»

«የተቆረጠ ቅርንጫፍ እኮ በዚህ ፀሐይ ግማሽ ቀን አይቆምም።»

«ግማሽ ቀን ይበቃናል። እንግዳው ሁለት ሰዓት መጥቶ ሦስት ሰዓት ይሄዳል። ስማ፣ አፍህን ከፍተህ አንዲት ቃል ብትናገር፣ በመጣህበት ጭነት መኪና ወረ ኢሉ ትሸኛለህ። እምቢ ብትለኝም ያው ነው።»

አሊጋዝ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለዘሀራ ነገራት። ዘሀራ ምድጃዋ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «አራት ልጆች አሉህ» አለችው። «ዛፍ ይቆረጣል፣ ይበቅላል። ምላስህን ሰብስብ። ምላስህ ነው አንድ ቀን የሚፈጀን።»

«ምን ተናገርሁ?»

«እስካሁንማ አልተናገርህም። እኔ አውቅሃለሁ።»

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። በገዛ እጁ ያሳደገውን ዛፍ በገዛ እጁ መለመለው። ከወደቡ በር ያደሩ ሁለት ወዛደሮች ነገሩን ቆመው አዩ፤ አንደኛው «አይ አሊጋዝ!» ብሎ ፊቱን አዞረ። ይህች ቃል ከግራዝማች ማስፈራሪያ ይልቅ ልቡን ወጋችው። ዐሥራ አንዱን ቅርንጫፍ አሸዋው ውስጥ ሰክቶ፣ ዙሪያውን ረግጦ፣ ኖራውን ቀብቶ ሲጨርስ ሁለት ሰዓት ሆነ። መንገዱ ለምለም መሰለ። ግራዝማች ካባቸውን ደርበው ብቅ አሉና ከዳር እስከ ዳር አይተው፣ «አየህ? ሥራ ማለት ይህ ነው» አሉት።

ሁለት ሰዓት አለፈ። ሦስት ሰዓትም አለፈ። እንግዳው የሉም። የፊታውራሪ መኪና በረሃው ላይ ጎማ ፈንድቶበት ኖሯል። አራት ሰዓት ላይ ቅጠሉ ጠወለገ። ግራዝማች አንዴ ሰዓታቸውን፣ አንዴ ሰማዩን እያዩ ላባቸው ካባቸውን አራሰው። አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ቅርንጫፎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው፣ ለቀስተኛ መስለው ቆመው ሳለ መኪናው መጣ።

ፊታውራሪ ወልደሰማዕት በዕድሜ የገፉ፣ ከዘራ የያዙ፣ እርሻ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። ወርደው ሰላምታ ተለዋወጡና መንገዱን ማየት ጀመሩ። የሻይ ቤቱም ሰው፣ ወዛደሩም ራቅ ብሎ ተከተለ። አሊጋዝ ባልዲውን ይዞ ከኋላ ነው።

«ግራዝማች፣ እነዚህ ዛፎች ምን ሆነዋል? አንገታቸውን ደፍተዋል» አሉ ፊታውራሪው።

«ለክቡርነትዎ እጅ እየነሡ ነው» አሉ ግራዝማች ፈጠን ብለው።

ከኋላ አንድ ሰው አሳለ። ሳል አልነበረም።

«ለመሆኑ ዛፉን የሚመለከተው ማነው? የወደቡ አስተዳደር ነው ወይስ እርስዎ?»

ግራዝማች ደረታቸውን ነፉ። ይህችን ጥያቄ ሲጠብቋት ነበር። «ከወደቡ በር እስከ መናፈሻው ያለው ዛፍ በሙሉ በእኔ ሥር ነው፣ ክቡርነትዎ! አንድ እንኳ ከእኔ ሥር የወጣ የለም።»

«ደግ ነው፣ ደግ ነው» አሉ ፊታውራሪው። ፀሐዩ በርትቶባቸው ነበርና ትንሽ ልረፍ ብለው በአቅራቢያቸው ያለውን ዛፍ ደገፍ አሉት። ዛፉ ቀስ ብሎ ዘመመና ጫማቸው ላይ ተጋደመ። እጃቸው ላይ ኖራ፣ እግራቸው ላይ ቅርንጫፍ ቀረ።

ሰው ሁሉ ጠጋ ጠጋ አለ።

ፊታውራሪው ወደ ታች አዩ። «ይሄ ደግሞ እግሬ ላይ ወደቀ። ምን በድሎኝ ነው ምሕረት የሚለምነኝ?» አሉና በከዘራቸው ጫፍ ገለበጡት። ታችኛው ጫፍ በመጥረቢያ የተቆረጠ ነው፤ ገና እርጥብ ነው። ወደ ቀጣዩ ሄደው በአንድ እጅ ሳብ አደረጉት፤ ወጣ። ሦስተኛውንም ሳቡት፤ ወጣ።

ግራዝማች ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ዞር ሲሉ አሊጋዝን አዩትና ነፍሳቸው ተመለሰች። ጣታቸውን ቀሰሩበት። «ይህ ነው ክቡርነትዎ! ይህ ሌባ፣ ይህ ሰነፍ! ዛፎቹን እንዲያጠጣ ብቀጥረው በውኃ ጥም ፈጃቸው፤ አሁን ደግሞ እኔን ሊያዋርድ ቅርንጫፍ ሰክቶ አደረ! ዛሬውኑ ይታሰርልኝ!»

ለአሊጋዝ ወረ ኢሉ ጭነት መኪና ላይ መሸኘት ቀርቶ እስር ቤት መጣ። ዘሀራ ትዝ አለችው፤ አራቱ ልጆች ትዝ አሉት። ዝም ቢል ይታሰራል፤ ቢናገርም ይታሰራል። እንግዲያስ ተናግሮ መታሰር ይሻላል አለ በልቡ። ባልዲውን መሬት አስቀመጠ።

ፊታውራሪው ቅርንጫፉን በእጃቸው እንደያዙ ቀረቡት። «ና አንተ ሰው። እውነቱን ንገረኝ። የነዚህ ዛፎች ሥር የታለ? ውኃቸውስ የት ገባ?»

አሊጋዝ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ግራዝማች ቅድም ነገሩዎት እኮ» አለ። «ዛፎቹ በሙሉ በእሳቸው ሥር ናቸው፤ የራሳቸው ሥር የላቸውም። ዛፍ ደግሞ ውኃ የሚጠጣው በሥሩ ስለሆነ፣ ውኃውን በየቀኑ ግራዝማች ግቢ ነው የምናወርደው።»

ወዛደሮቹ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ የሻይ ቤቱ ባለቤት አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ፊታውራሪው ሳቃቸውን ለመደበቅ በመሐረብ አፋቸውን ያዙ፤ ትከሻቸው ግን አሳበቃቸው። እንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ቅርንጫፉን ለግራዝማች አስታቀፏቸውና፣

«በሉ እንግዲህ ግራዝማች፣ ግንዱን አይተናል» አሉ። «አሁን ደግሞ ወደ ሥሩ ይምሩን።»

ግራዝማች ግቢ ሲደርሱ ቦቴው ቧንቧውን በአጥሩ አሾልኮ ሎሚውን እያጠጣ ነበር።

አሊጋዝ አልታሰረም። ቦቴው ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳሩ መንገድ እንዲሄድ ታዘዘ፤ አሊጋዝም ባልዲውን ጥሎ የቦቴው አዛዥ ሆነ። ግራዝማች ሸዋንግዛው ግን እንደዚያ ዘመን ሹማምንት ሁሉ መሻር አልደረሰባቸውም። «ስለ ዛፍ ያላቸው ልምድ ከፍተኛ በመሆኑ» የሚል ደብዳቤ ተጽፎላቸው፣ ወደ ደጋ ተዛውረው የአንድ አውራጃ የደን ሹም ሆኑ።