የልብስ ሰፊው ሾላ

አንድ ልብስ ሰፊ በግቢው ሾላ ጥላ ሥር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ እየሰፋ ይኖር ነበር። አንድ ቀን የጎረቤቱ የኮሎኔል ውብሸት ሽንት ቤት ተደፍኖ እንግዶቻቸው ፊት ገነፈለ። ሲቆፈር ቱቦውን የዛፍ ሥር ሞልቶት ተገኘ። ኮሎኔሉ ተቆጥተው ሽማግሌዎች ሰበሰቡ።

«ሥሩ የዛፍህ ነው አይደለም? ካመንክ ሾላው ዛሬውኑ ይቆረጣል፤ ከካድክ ፍርድ ቤት እንገናኛለን» አሉት ልብስ ሰፊውን።

ልብስ ሰፊው ሥሩን አገላብጦ አየና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«የኔ ነው ጌታዬ፤ ምን ያጠራጥራል? እንዲህ ያለ የጌታ ግቢ ገብቶ፣ የንጹሕ ውሃው ቱቦ አጠገቡ እያለ የሽንት ቤቱን የመረጠ ዕድለ ቢስ፣ ከኔ ሌላ የማን ሊሆን ይችላል?»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ኮሎኔሉም ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በል፣ ሥሩ ብቻ ይቆረጥ» አሉ። «ለዛፉስ ያንተ መሆኑ በቂ ቅጣት ነው።»