ሳይቆረጥ የሚያብበው አበባ

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልጠራላችሁም። ታሪኩን ግን «ንገርላቸው፤ ለአንድ ሰው እንኳ ከደረሰ ይበቃኛል» ብሎኛል።

ይህ ሰው ደብረ ብርሃን የሚኖር ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ባለቤቱ ካረፈች በኋላ ብቻውን ስለሆነ አበባ መትከል ጀመረ። ከመንገድ ዳር ችግኝ ከምትሸጥ አንዲት ሴት ሃይድራንጃ የሚባል አበባ ሁለት ችግኞች ገዛና ከአጥሩ ሥር ጎን ለጎን ተከላቸው። ሴትዮዋ እንዲህ አለችው፦ «የጠዋት ፀሐይ ያግኛቸው፣ የከሰዓቱ ይቅርባቸው። ፍግ ያልብሷቸው፣ ውኃ አያስጠሟቸው። በጥር ደግሞ ይቁረጧቸው። አይዘኑላቸው! በአዲስ ቅርንጫፍ ነው የሚያብቡት።»

አላዘነላቸውም። በጥር አንድም ቅርንጫፍ ሳያስቀር ከረከማቸው።

ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው አበበ። አበባው ክብ አይደለም፤ እንደ ሙዳይ ክዳን ሾል ያለ ነው። ሲወጣ ነጭ ነበር፤ በመስከረም ብርዱ ሲጀምር ቀስ እያለ ወደ ሮዝ ተለወጠ። ዝናብ ሲመታው እየከበደው ያጎነብሳል፣ ሰውየውም በሸምበቆ ይደግፈዋል። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር።

ሁለተኛውስ? ቅጠል ብቻ።

በዓመቱ ቆረጣቸው። የመጀመሪያው አበበ፣ ሁለተኛው ቅጠል ብቻ። በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛውን የባሰ አሳጥሮ ቆረጠው። ቅጠል ብቻ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመት! በስድስተኛው ዓመት፣ በጥር፣ መቀሱን እንደያዘ ሴትዮዋን ሊወቅሳት ሄደ። «መካን ችግኝ ነው የሸጥሽልኝ» አላት።

ሴትዮዋ ቤቱ ድረስ መጣች። ሁለተኛውን ተክል ጎንበስ ብላ አየችው፣ የአንዱን ቅርንጫፍ ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ ሰውየውን አየችው።

«ምነው?» አላት።

«ይሄ እኮ ሌላ ዓይነት ነው። ክብ አበባ የሚያወጣው ነው። ችግኞቹ ተቀላቅለውብኝ ነበር ማለት ነው፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ያኛው ሲቆረጥ ነው የሚያምርበት። ይሄ ግን የክረምቱን አበባ ከአሁኑ ይቋጥራል። ይኸው፣ እዚህ ጫፉ ላይ፣ ይዳስሱት! አንቱ በየዓመቱ ሲቆርጡ የኖሩት አበባውን ነው።»

ሰውየው ዳሰሰው። እንቡጡ በጣቱ ሥር ወፈር ብሎ ተሰማው። አንድም ቀን ሲያብብ አይቶት ስለማያውቅ፣ ሌላ ዓይነት መሆኑንም አላወቀም ነበር። መቀሱን መሬት ላይ አኖረና ከጎኑ ተቀመጠ። «አስናቀች» አለ። ሴትዮዋ ምን እንደሚል አልገባትም።

አሁን ይህችን አስናቀችን ላስተዋውቃችሁ። ሰውየው ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። ታላቋን ወይንሸት፣ ታናሿን አስናቀች ብዬ ልጥራቸው። ወይንሸት ዘጠነኛ ክፍል ሳለች መረብ ኳስ ትወድ ነበር። ውጤቷ ዝቅ ሲል አባቷ ከቡድኑ አስወጣት። ሳምንት አለቀሰች፣ በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። ዛሬ ፋርማሲስት ናት። አባቷም ልጅ እንዲህ እንደሚያድግ እርግጠኛ ሆነ።

አስናቀች ደግሞ ትዘምር ነበር። ድምፅዋን እኔ ራሴ ሰምቼዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሃያ ስምንተኛ ስትወጣ አባቷ ከመዘምራኑ አስወጣት፤ «ለበጎሽ ነው» አላት። እሷም ዝም ብላ ጥልፍ ጀመረች። አባቷ ደብተሯ ላይ ክር ያገኘ ቀን ክሩንም ጨርቁንም ሰብስቦ ለጎረቤት ሰጠው። «ለበጎሽ ነው።» ከዚያ በኋላ አስናቀች ምንም አልጀመረችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አግብታ ሸዋሮቢት ወረደች፤ ለእናቷ ቀብር መጥታ በማግስቱ ተመለሰች።

እኔስ የት ነበርኩ? ያኔ ደብረ ብርሃን ቤተ ክርስቲያን አገለግል ነበር። ወይንሸት የተመረቀች እሑድ ይህንን አባት በጉባኤ ፊት አቆምኩትና «አባት ማለት እንዲህ ነው!» አልኩ። ሕዝቡ እልል አለ። አስናቀች ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። አላየኋትም። ይህን ስነግራችሁ አፍራለሁ።

ሰውየው እንቡጡን በዳሰሰ ማግስት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሸዋሮቢት ወረደ። መንገዱን ሙሉ የሚላትን ሲያዘጋጅ ሄደ። ከቆርቆሮው በር ሲደርስ ከውስጥ ዘፈን ሰማ። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጁ ናት። ግማሹን ከራሷ እየፈጠረች ስለ ዝናብ ትዘፍናለች። ድምፁ የእናቷ ድምፅ ነው፤ ያ ድሮ የዘጋው ድምፅ! እጁን ለማንኳኳት አንሥቶ እንደያዘ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ከበሩ ወዲያ የአስናቀች ድምፅ ተሰማው፤ ፈጠን ያለ፣ የተጨነቀ ድምፅ። «ዝም በይ፣ ዝም በይ! አባባ ነው!»

ዘፈኑ ቆመ።

ወገኖቼ፣ ሰውየው «ሚስቴን ስቀብር እንኳ እንደዚያ ቀን አልሆንኩም» ነው ያለኝ።

አስናቀች ደኅና አድርጋ ተቀበለችው። ወንበር አቀረበች፣ ውኃ አመጣች። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አላት። «ምን በደልከኝ አባባ? ለበጎዬ ነው እኮ» አለችው። ልትወጋው ብላ አይደለም፤ ከልቧ ነው። ሕፃኗን «እስቲ ዝፈኚልኝ» ብሎ ለመናት። ሕፃኗ እናቷን አየች፣ እናቷ መሬት መሬት አየች። ሰውየው ማታውን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ያንን ተክል ከዚያ ወዲህ መቀስ አላስነካውም። በክረምቱ ደወለልኝ። «አበበ» አለኝ። «ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ መሆኑን እንኳ ሳላውቅ ስድስት ዓመት!» አለና አለቀሰ። «አስናቀችስ?» አልኩት። «በየወሩ እሄዳለሁ። ሕፃኗ አሁንም እኔ ስገባ ዝም ትላለች» አለኝ።

እናንተ አባቶች፣ እናንተ እናቶች! መቀሱን ጣሉት አላልኳችሁም። ያ ሹል አበባ ሳይቆረጥ ቢቀር ይንዠረገጋል፣ አበባውም እያነሰ ይሄዳል፤ እሱን መቁረጥ መውደድ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት ዳስሳችኋል? «እኅትሽን አታዪም?» ያላችኋት ልጅ ጫፏ ላይ ምን ቋጥራ እንደነበር ታውቃላችሁ? «ይሄ ልጅ ምንም አይወጣውም» የምትሉት ልጅ ቀለሙ ምንድን ነው? አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኛም አገልጋዮች፣ ከዚህ መድረክ ላይ ቆመን ስንቱን መቀስ ባርከናል?

ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ ወዲያው አታንኳኩ። በሩ ላይ ቆም በሉና አድምጡ። ውስጥ የሚስቅ አለ? የሚያንጎራጉር አለ? ከዚያ አንኳኩና «እኔ ነኝ» በሉ። እንደገናም አድምጡ። ድምፃችሁን ሲሰማ ዝም የሚለው ማን ነው?

እኔም ሦስት ልጆች አሉኝ። ዛሬ በሬ ላይ እቆማለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማንኳኳቱን ፈርቼዋለሁ።