ከሁለት ቀን በላይ

ተረት ተረት፣ የመዝገብ ቤት።

በአንዲት አገር ትሁኔ የምትባል ባልቴት ነበረች። አንድ ልጇ ስንሻው ታሰረ። ጥፋቱን የነገራት የለም፤ ዳኛ ፊትም አላቀረቡትም። በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። "ልጄን ዳኛ ይየው" ስትል የበሩ ሹም የሕገ መንግሥቱን መጽሐፍ ገልጦ ያነብላታል፦ "ማንም ሰው ዳኛ ሳያየው ለብዙ ቀን አይታሰርም።" ከዚያ መጽሐፉን ያጥፍና፣ "ገና ብዙ አልሆነም፣ እናቴ" ይላታል። በወሩ ብዙ አልሆነም። በአራት ወሩም ብዙ አልሆነም። በሰባተኛው ወር ስንሻው እዚያው ሳንባውን ታሞ ሞተ፤ ሬሳውን ሰጧት።

ትሁኔ የምታውቀው ሕግ ግን ሌላ ነበር። ሕጉ የታወጀ ዕለት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር አደባባይ ቆማለች። ያን ጊዜ የተነበበው "ከሁለት ቀን በላይ አይታሰርም" የሚል ነው። አብረዋት የሰሙት አብዛኞቹ ሞተዋል፤ የቀሩትም "ከመጽሐፍ ጋር ማን ይከራከራል" ብለው ዝም ብለዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ያቺ አገር የወረሰችው "ብዙ"ን ነው።

የልጇ አርባ እንደወጣ ሕገ መንግሥቱ እንደገና ሊታተም መሆኑን ሰማች። ልጄን መልሱልኝ አላለችም፤ እሱስ አይመለስም። የፈለገችው አንዲት ቃል ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ነው።

ወደ አታሚው ሄደች። "ወንድሜ፣ 'ብዙ' የሚለውን አንሥተህ 'ሁለት' ብለህ አርምልኝ" አለችው።

አታሚው ከሥራው ቀና ብሎ አያት። "እትዬ፣ እኔ የመጣልኝን ነው የማትመው። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ደብዳቤ ካልጻፈልኝ አላርምም።"

ወደ ጸሐፊው ሄዳ በልጅነቷ አደባባይ የሰማችውን ነገረችው። "ጌታዬ፣ አታሚው ያለ ደብዳቤ አያርምም፤ ሳይታረም ቃሏ አትመለስም። ደብዳቤውን ይጻፉልኝ" አለችው።

"እማማ፣ ሰው ሰምቻለሁ ባለ ቁጥር ሕግ ቢታረም አገር አይጸናም" አለ ጸሐፊው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። "መጀመሪያ የተጻፈበትን ብራና በዓይኔ ሳላይ አልጽፍም።"

ወደ መዝገብ ቤት ሄደች። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አማረች የምትባል ረጋ ያለች ሴት ነበረች። "ልጄ፣ ጸሐፊው ያለ ብራና አይጽፍም፤ አታሚው ያለ ደብዳቤ አያርምም፤ ሳይታረም ቃሏ አትመለስም። ብራናውን አሳዪልኝ" አለቻት።

አማረች ጥግ ላይ የተቀመጠውን የወይራ ሣጥን አሳየቻት። "ብራናው እዚህ ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ ግን ያለ ቁልፍ አይከፈትም።"

"ስበሪው፣ ልጄ።"

"ብሰብረው ነገ 'ሰብራ ገብታ ገጹን ለውጣዋለች' ይላሉ። ያን ጊዜ እውነቱም ውሸት ይሆንብናል፣ እማማ። ቁልፉ ብራናውን በጻፉት በመሪጌታ ልሳነወርቅ እጅ ነው።"

መሪጌታ ልሳነወርቅ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው አንድ ደብር አጠገብ ይኖራሉ። ስትደርስ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዓይናቸው ፈዟል።

"መሪጌታ፣ ሣጥኑ ያለ ቁልፍ አይከፈትም፤ ጸሐፊው ያለ ብራና አይጽፍም፤ አታሚው ያለ ደብዳቤ አያርምም፤ ሳይታረም ቃሏ አትመለስም። ቁልፉን ይስጡኝ" አለቻቸው።

"ቁልፉን አልሰጥም" አሉ። እዚያው ሰው ቤት ተጠግታ አደረች። በማግሥቱ ተመልሳ ያንኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው፤ ያንኑ መለሱላት። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ግን አስቀድመው ጠየቋት።

"የትኛዋን ቃል ነው የምትፈልጊው?"

"'ሁለት' የምትለዋን።"

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ምን ታደርግልሻለች?"

የስንሻውን ነገር ነገረቻቸው፤ ስንቁን፣ በሩን፣ "ገና ብዙ አልሆነም" የሚለውን።

"ስንት ወር ቆየ?"

"ሰባት።"

ሽማግሌው እንዲህ አሉ። "ብራናውን የጻፍኩ እኔ ነኝ። ለማተሚያ ቤት የተላከውን ግልባጭ የጻፍኩም እኔ ነኝ። አንድ ሹም መጥቶ 'ሁለት ቀን ያጥራል፤ ብዙ ብለህ ጻፈው፤ ዋናውን ማን ያያል' አለኝ። ልጆቼን አሰብኩና ፈራሁ፤ ጻፍኩለት። ሣጥኑ ከተከፈተ ሁለቱም የአንድ እጅ ጽሕፈት መሆናቸው ይታያል። አርባ ስምንት ዓመት ቁልፉን የያዝኩት ለዚህ ነው።"

ትሁኔ ልትረግማቸው አፏን ከፈተች። ግን አልረገመቻቸውም። መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እሳቸውም አላባበሏትም፤ በምን አፋቸው?

ሲወጣላት በነጠላዋ ፊቷን ጠርጋ፣ "የእኔስ ሞቷል፣ መሪጌታ። አሁንም ግን ስንቅ ይዘው በሩ ላይ የሚቆሙ አሉ" አለቻቸው።

ቁልፉን ካንገታቸው አወለቁ። "ብቻሽን አትሂጂ፤ ምሪኝ። የለወጥኩት እኔ ነኝ ብዬ ባፌ ልናገር።"

እጃቸውን ይዛ መራቻቸው። ቁልፉ ሣጥኑን ከፈተ፤ ሣጥኑ ብራናውን ሰጠ፤ አማረች ብራናውን ዘርግታ "ከሁለት ቀን በላይ" ብላ አነበበች። ጸሐፊው ፊደል በፊደል አመሳከረ። መሪጌታ ማን እንዳዘዛቸውና እንዴት እንደለወጡ ተናገሩ፤ ቃላቸው በምስክር ፊት ተጽፎ ከብራናው ጋር ተቀመጠ። ጸሐፊው ደብዳቤውን ጻፈ፤ ደብዳቤው አታሚው ዘንድ ደረሰ፤ አታሚው "ብዙ"ን ነቅሎ "ሁለት"ን ተከለ፤ ቃሏ ተመለሰች።

መሪጌታ መጽሐፉ ታትሞ ሳይወጣ ዐረፉ። ትሁኔ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ይቅር ትበላቸው አትበላቸው ለማንም አልተናገረችም።

አዲሱ መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ ወደ ወህኒ ቤቱ በር ሄደች። አንዲት እናት ስንቅ ይዛ ቆማለች። ልጇ ከታሰረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በሩ ተከፈተና ልጁ ዳኛ ዘንድ ሊቀርብ ወጣ፤ እናቱም ከጎኑ ከጎኑ ሄደች። ጥቂት እንደተራመደች ዞር ብላ፣ "አንቺስ እህቴ፣ ማንን ትጠብቂያለሽ?" አለቻት።

"የምጠብቀው የለኝም" አለች ትሁኔ። "በሩ ሲከፈት ልይ ብዬ ነው።"

ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትመልሱ ግን ቃል አታጉድሉ።